ከቀዶ ሕክምና በኋላ «ድናለች» የሚባለው መቼ ነው?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ለአባላትና ለደጋፊዎች የተደረገ ንግግር)



ገበያው በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ቢዛወርም ብዙዎቻችን ዛሬም የአትክልት ተራ ልጆች ነን። በእኛ ሰፈር አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ፊቷ ክብ ብሎ ጉንጯ ሲቀላ «ተመችቷት ነው» ይባላል። እሷ ግን ከዱካዋ ለመነሳት እጇን ትደገፋለች። ሆዷ ላይ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ሸንተረር ይወጣል፤ ቆዳዋ በትንሽ ነገር ይበልዛል፤ ደም ግፊትና ስኳር ይከተላሉ።

ይህ የኩሺንግ በሽታ ሊሆን ይችላል። ስሙ የአሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም የሃርቪ ኩሺንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1912 በጽሑፍ ያሳወቃት ታማሚ የ23 ዓመት ሴት ነበረች። ዛሬም ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል። ከአንጎል ሥር ባለችው የአተር ፍሬ በምታህለው ፒቱታሪ እጢ ላይ ትንሽ እባጭ ይወጣል፤ እባጩም ከኩላሊት በላይ ያሉትን እጢዎች ያለ ዕረፍት እያዘዘ ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ያስበዛል። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መዋጥም፣ ስቴሮይድ ያለበትን የፊት ማቅያ ቅባት ማዘውተርም ይህንኑ መልክ ያመጣል። ስለዚህ ለሐኪም የምትወስዱትንና የምትቀቡትን ሁሉ አትደብቁ።

የእባጩ ዋና ሕክምና በአፍንጫ በኩል ገብቶ ማውጣት ነው። በአገራችን የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ገና ወጣት ሙያ ነው።

ታዲያ መዳኗ በምን ይታወቃል? ከቀዶው በፊት አንዳንድ ፍንጭ አለ። እባጩ ከ10 ሚሊ ሜትር ካነሰ፣ በኤምአርአይ በግልጽ ከታየና ወደ ጎን ካልሰረገ ተስፋው ከፍ ይላል። የቀዶ ሐኪሙ ልምድም ወሳኝ ነው።

ትልቁ ምልክት ግን ከቀዶው በኋላ ባሉት 7 ቀናት ውስጥ ጠዋት የሚለካው ኮርቲሶል ነው። ከ5 ማይክሮግራም በዴሲሊትር፣ በሌላ መለኪያ ከ138 ናኖሞል በሊትር በታች ከወረደ፣ ጥሩ ምልክት ነው። እባጩ ሲወጣ፣ ለዓመታት ሥራ ፈቶ የቆየው ጤነኛው የእጢው ክፍል ቶሎ አይነቃምና ኮርቲሶሉ ዝቅ ይላል። ካልወረደ ግን እባጩ ሙሉ በሙሉ አልወጣ ይሆናል፤ በጥቂት ሰዎች ዘግይቶ ሊወርድም ስለሚችል ሐኪሙ ደጋግሞ ይለካል።

እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። የዳነችው ሴት ያን ሰሞን ከበፊቱ የባሰ ትደክማለች፤ መገጣጠሚያዋን ያማታል፤ ያቅለሸልሻታል። ጎረቤት «ኦፕራሲዮኑ አልያዘላትም» ይላል። ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒ ነው፤ ሰውነቷ የለመደው ኮርቲሶል ቀርቶባት ነው። እስኪመለስላት ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ፣ ምትክ ኪኒን ትውጣለች። ኪኒኑን በድንገት ማቋረጥ ይገድላል። ትኩሳት ከያዛት መጠኑ በሐኪም ምክር ይጨመራል፤ ካስመለሳትና ኪኒኑ ካልቆየላት በመርፌ እንዲሰጣት በአስቸኳይ ሆስፒታል ትሄዳለች።

በመጀመሪያው ሳምንት ውጤቷ ያማረ ሴትም ከዓመታት በኋላ በሽታው ሊመለስባት ይችላል። ክትትሉ የዕድሜ ልክ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችንን ሦስት ነገር እለምናለሁ። ከቀዶ በወጣች እህት ቤት ተራ ገብተን ኪኒኗን እናስታውሳት። የምርመራ ውጤቶቿን በአንድ ደብተር እናስቀምጥላት። ደጋፊዎቻችን ደግሞ፣ ለቀዶው ብቻ ሳይሆን ለኪኒኑና ለዓመታዊው ምርመራም አስቡ። ቀዶው የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መዳኗን የሚጠብቀው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።