ከሥራ ሰዓት በኋላ
(በኢዮቤልዩ በዓሉ ላይ በጋራዥ ባለሙያዎች የተሰማ ንግግር)

አዘጋጅ ኮሚቴው «የጋራዥ ሰዎችም አንድ ነገር ይበሉ» ሲለን፣ ከማይክሮፎን ይልቅ ከመፍቻ ጋር የምንግባባ ነንና ጥቂት አቅማምተን ነበር።

ሐርጌሳ ውስጥ የሚነዳው በቀኝ ሆኖ ሳለ፣ የአብዛኛው መኪና መሪም በቀኝ ነው። ከጃፓን ወጥተው፣ ብዙዎቹም በዱባይ ዞረው፣ በበርበራ ወደብ የሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ናቸው። ለለስላሳ አስፋልት ተሠርተው እዚህ ጭነት ተደራርቦባቸው ድንጋይ ይወጣሉ። ባለንብረቱም «ከፍ አድርጉልኝ፣ አጠንክሩልኝ» ይላል። ስለዚህ ቀን በጋራዡ ስም እንጠግናለን፤ ማታ በራሳችን ስም ባሌስትራ እንጨምራለን፣ ቦኮላ በቶርኖ እናወጣለን፣ ፖርቶ መጋላ እንበይዳለን። ወደ አገር ቤት ከምንልከው ገንዘብ የማታው ሥራ ድርሻ ቀላል አይደለም። ሚስቶቻችን እዚሁ ተቀምጠዋልና ይህን መካድ አንችልም።

አመሉ የእኛ ብቻ አይደለም። በጀርመን አገር ሃንስ ቨርነር አውፍሬኽትና ኤርሃርድ ሜልሸር የሚባሉ ሁለት የዳይምለር ቤንዝ ሠራተኞች ነበሩ። ፋብሪካው የእሽቅድምድም ሥራውን ሲያቆም፣ እነሱ ሞተሩን ግሮስአስፓኽ በሚገኘው በአውፍሬኽት ቤት ማሻሻላቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1965 የሥራ ባልደረባቸው ማንፍሬድ ሺክ በዚያ ሞተር ተወዳድሮ 10 ጊዜ አሸነፈ። በ1967 የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ፤ ዛሬ በመርሴዲስ ጀርባ ላይ የምታዩት «ኤኤምጂ» የሁለቱ ሰዎችና የመንደሯ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ነው። በ2005 ድርጅቱ ሙሉ በሙሉ የፋብሪካው ሆነ።

እነሱ ግን ይለኩ ነበር። እኛ በዓይን እንገምታለን።

አንድ ጊዜ ለአንድ ፒካፕ ባሌስትራ ላይ ተጨማሪ ብረት አስገባን። የመሀሉን ብሎን ቀዳዳ ትራፓኖው አልበሳ ሲለን በጋዝ እሳት ከፈትነው። የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በልክ ጋል ብሎ በልክ ቀዝቅዞ ነው፤ እሳት ሲነካው ያ ጥንካሬ ይጠፋል፣ ስንጥቁም ከቀዳዳው ዳር ይጀምራል። ይህን የምናውቅ ነበርን፤ ግን መሽቶ ነበር። መኪናው ከነሰዎቹ የሼክ ተራራ ዳገት ላይ ሳለ ብረቱ ተሰበረ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም።

በማግስቱ ሾፌሩ የመጣው ወደ እኛ ሳይሆን ወደ ጋራዡ ባለቤት ነው፤ «የእናንተ ሐበሾች» እያለ። ያ ቃል ከገንዘቡ በላይ አመመን፤ የአንድ ሌሊት ጥድፊያ በዚህ አዳራሽ ባለው ሰው ሁሉ ላይ ተለጠፈ። ጋዙም የባለቤቱ እንደነበር ያን ዕለት ታወቀ። ሰውየው ብዙም አልተቆጣም። «ብትጠይቁኝ እኮ እሰጣችሁ ነበር» ብቻ አለን።

ገንዘቡን ከዕቁባችን አውጥተን መለስን። ከዚያ ወዲህ የማታ ሥራ ለባለቤቱ ተነግሮ ይሠራል፣ የጋዙም ሒሳብ ይከፈላል፤ መሪና ፍሬን ማታ አንነካም። የተሰበረውን ብረት አልጣልነውም፤ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሙያውን መማር የሚፈልግ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ዓርብ ከሰዓት በኋላ ላኩልን፤ መጀመሪያ የምናሳየው እሱን ነው።