ውኃ የጻፈው ታሪክ፦ ሦስት ሥፍራዎች በቦረና ምድር



በአገራችን ታሪካዊ ሥፍራ ሲባል ቀድመው ወደ አእምሮ የሚመጡት የአክሱም ሐውልቶች፣ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ የጎንደር ግንቦችና የሐረር ጀጎል ናቸው። ዛሬ የምናገረው ከዚህ የተለመደ መንገድ ወጣ ብለው ስለሚገኙ ሦስት ሥፍራዎች ነው። ሦስቱም በቦረና ምድር የሚገኙ ሲሆኑ ሦስቱንም የሚያስተሳስራቸው ውኃ ነው። የንግግሬ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ እነዚህን ሥፍራዎች ቅርስ ያደረጋቸው በየቦታው የሚከናወነው ሥራና ሥራውን የሚገዛው ሕግ ነው፤ ስለዚህ ጥበቃውም ከዚያው መጀመር ይኖርበታል።

በመጀመሪያ የቱላ ጉድጓዶችን እንመልከት። ቦረናዎች «ቱላን ሰግላን» ይሏቸዋል፤ ዘጠኙ ቱላ ማለት ነው። ዱብሉቅ፣ ዌብ፣ መልባና፣ ጋዮና ዳስ ከእነርሱ መካከል ናቸው። በጎብኚዎች ዘንድ «ዘፋኝ ጉድጓዶች» በሚል ስም ይታወቃሉ። ከጉድጓዶቹ ጥልቅ የሆኑት እስከ 30 ሜትር ይወርዳሉ። ከብቱ ተቆፍሮ በተሠራ ተዳፋት መንገድ ቁልቁል ወርዶ ከገንዳው ይጠጣል፤ ከገንዳው በታች ደግሞ ወጣቶች አንዱ ከሌላው በላይ በመሰላል ላይ ቆመው «ኦኮሌ» የተባለውን የቆዳ ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፋሉ። ዜማው ለጎብኚ የተዘጋጀ ትርኢት አይደለም። የእጆቹን ምት አንድ ያደርጋል፤ ድካምን ያስረሳል፤ የተጠማውንም ከብት ያረጋጋል።

ከዜማው ይልቅ የሚደንቀው ግን ሥርዓቱ ነው። እያንዳንዱ ጉድጓድ «አባ ኮንፊ» የሚባል ባለመብት አለው፤ መብቱም በጎሳው በኩል ይተላለፋል። የዕለት ተዕለቱን ተራ የሚመራው ደግሞ «አባ ሄሬጋ» ነው። የማን መንጋ ዛሬ፣ የማን መንጋ ነገ እንደሚጠጣ፣ ማን ጉልበት እንደሚያዋጣ፣ ገንዳውን ማን እንደሚያድስ ይወስናል። ውኃው አይሸጥም፤ ለተጠማ ሰውም የሚጠጣው አይከለከልም። ጉድጓድ ሲናድ ቆፋሪዎችን ለመመገብ ከብት ይታረዳል። ዝናብ ጥሎ ኩሬዎች ሲሞሉ ደግሞ ጉድጓዶቹ ያርፋሉ። ይህ ሁሉ ከገዳ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። በየስምንት ዓመቱ የሚካሄደው የቦረና ታላቅ ጉባኤ «ጉሚ ጋዮ» ስሙን ያገኘው ከእነዚሁ ጉድጓዶች መካከል ከአንዱ ሥፍራ ነው። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ መስፈሩን ታስታውሳላችሁ።

ሁለተኛው ሥፍራ ከዱብሉቅ ብዙም የማይርቀው ጨው ቤት፣ በሌላ ስሙ ኤል ሶድ ነው። እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጥልቅ ጎድጓዳ ውስጥ እንደ ቀለም የጠቆረ ሐይቅ ተኝቷል። ሠራተኞቹ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ አፍንጫና ጆሯቸውን ደፍነው ይጠልቃሉ፤ ጨዋማውን ጭቃ ከሐይቁ ወለል በእንጨት እየፈነቀሉ ያወጣሉ። ጭቃ መሳዩ ጥቁር ጨው ለከብት፣ ነጩ ጨው ለሰው ምግብ ይውላል። ሽቅብ የሚያወጡት አህዮች ናቸው። ቱላ ያለ ጨው ቤት አይሟላም፤ አርብቶ አደሩ ከብቱን በአንዱ ያጠጣል፣ በሌላው ያልሳል። ነገር ግን ይህን ሥራ ስናደንቅ ጠላቂው በዐይኑና በቆዳው የሚከፍለውን ዋጋ መዘንጋት የለብንም።

ሦስተኛው ሥፍራ ከእነዚህ በስተምሥራቅ ርቆ የሚገኘው የነገሌ ቦረና ከተማ ነው። ነገሌን ብዙዎቻችን በራስ ደስታ ዳምጠው ጦርና በግራዚያኒ ሠራዊት መካከል በተደረገው የገናሌ ዶርያ ውጊያ እናውቃታለን፤ ከተማዋ በጥር 1928 ዓ.ም. በጣሊያን እጅ ወደቀች። ለዛሬው ጉዳያችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን ከ38 ዓመት በኋላ የሆነው ነው። በጥር 1966 ዓ.ም. በዚያ የሰፈረው የ4ኛ ክፍለ ጦር አካል ዐመፀ። የምግቡ ነገር ከዚያ በፊትም ያስመርር ነበር፤ የወታደሮቹ የውኃ ፓምፕ ሲበላሽ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው። ንጉሠ ነገሥቱ የላኳቸው የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ድረሴ ዱባለም በወታደሮቹ ተይዘው፣ እነርሱ የሚበሉትን እንዲበሉ፣ የሚጠጡትንም እንዲጠጡ ተደረገ። ጥያቄው በሳምንታት ውስጥ ወደ ሌሎች የጦር ሰፈሮች ተዛመተ፤ ዓመቱም ሳያልቅ ዘውዳዊው ሥርዓት አከተመ ለማለት የሚያስደፍር ጊዜ ውስጥ ተገባ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

አብዮቱ ከአንድ ጉድጓድ ፈለቀ ማለቴ አይደለም፤ ምክንያቶቹ ብዙና ሥር የሰደዱ ነበሩ። ይሁንና የቱላን ሕግ ከነገሌው ሰፈር ጎን ስናስቀምጥ አንድ ቁም ነገር እናያለን። የውኃ ተራ እንዴት እንደሚጠበቅ ጠንቅቆ በሚያውቅ ሕዝብ ምድር ላይ፣ ዘመናዊ የተባለው የጦር ሰፈር ያንኑ ተራ መጠበቅ ተሳነው።

በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባለው ከተማ ሮማውያን የገነቡት የፍል ውኃ መታጠቢያ አለ። ምንጩ ዛሬም ይፈልቃል፤ ሕንፃውም በጥንቃቄ ተይዟል። ጎብኚ ግን ከዳር ቆሞ ያያል እንጂ በጥንታዊው ገንዳ አይታጠብም። ድንጋዩ ተርፏል፤ ድንጋዩን ያስገነባው ሥርዓት ግን የለም። በቱላ የሚያሰጋን የዚህ ተቃራኒ ነው። ድንጋይ ስለሌለ፣ ሥርዓቱ ከጠፋ የሚቀረው ባዶ ጉድጓድ ብቻ ይሆናል።

ስጋቱም የሩቅ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሳይሳኩ ቀርተው የቦረና መንጋ አለቀ። መንጋ ከሌለ ተራ አይኖርም፤ ተራ ከሌለም አባ ሄሬጋ ሥራ ፈት ነው። የሞተር ፓምፕም እየመጣ ነው። ወጣቱ ጀርባው እንዲያርፍ ፓምፕ ቢመርጥ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። የእኔ ጥያቄ ፓምፑ ሲመጣ ተራውን ማን ይመራል የሚል ነው። የነገሌው ታሪክ ፓምፕ ብቻውን ፍትሕ እንደማያመጣ ያስተምረናልና።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። ለመጎብኘት የምትሄዱ ሁሉ ከካሜራችሁ በፊት አባ ሄሬጋውን አስቀድሙ፤ ፈቃድ ጠይቁ፤ ለከብቱም መንገድ ልቀቁ። ለጥናት የምትሄዱ ደግሞ የጉድጓዱን ጥልቀት ለክታችሁ ብቻ አትመለሱ። ተራው እንዴት እንደተደለደለ፣ ክርክር ሲነሣ እንዴት እንደተፈታ፣ በሽማግሌዎቹ ፈቃድና በራሳቸው ቋንቋ መዝግቡ። ከዚያ አካባቢ የመጣችሁ ተማሪዎች በዚህ ረገድ ከእኛ ከመምህራኖቻችሁ ትቀድማላችሁ፤ መዝገቡም ከእናንተ ቤት ቢጀምር ደስ ይለኛል።