ከስፖርት ሞተር ወርዶ ኢንተርሴፕተር ላይ

እሷ፦ ባልደረባዬ የሚነዳው ያማሃ አር 6 ነው፤ ሰሞኑን ግን ሮያል ኢንፊልድ ኢንተርሴፕተር 650 ሞክሮ መጥቷል። እስቲ ንገረን፣ መጀመሪያ የታወቀህ ምንድን ነው?

እሱ፦ አቀማመጡ! በእኔ ሞተር ላይ ደረቴን ወደፊት ደፍቼ፣ ክብደቴን እጄ ላይ ጥዬ ነው የምሄደው። የዚህ መሪ ከፍና ሰፋ ያለ ስለሆነ ወገቤን አቅንቼ ተቀመጥኩ። ከተማ ውስጥ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

እሷ፦ የኢንተርሴፕተሩ 47 የፈረስ ጉልበት ግን ላንተ አያንስም?

እሱ፦ በወረቀት ያንሳል። አር 6 በ599 ሲሲ ከ100 በላይ የፈረስ ጉልበት አለው፤ ሙሉ ኃይሉን የሚሰጥሽ ግን በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ስታስጮኺው ነው። ኢንተርሴፕተሩ 648 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር ነው፤ ገና በ3,000 ዙር ይጎትታል። ከመታጠፊያ ስወጣ ማርሽ ሳልቀንስ ነዳጅ ሰጠሁት፤ ሳያንገራግር ወሰደኝ።

እሷ፦ ጉድለቱስ?

እሱ፦ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የፊት ፍሬኑም ባለ አንድ ዲስክ ነው፤ የእኔ ሁለት አለው። ስለዚህ ቀደም ብሎ መያዝ ያስፈልጋል።

እሷ፦ እና ፍርድህ?

እሱ፦ ለውድድር ሜዳ አር 6ን በምንም አልለውጥም። ለዕለት ተዕለት መንገድ ግን ኢንተርሴፕተሩን እመርጣለሁ። ስፖርት ሞተር የምትነዱ አድማጮቻችን፣ ቁጥሩን አይታችሁ አትናቁት፤ ነድታችሁ ፍረዱ።