የሥነ ሕንፃ ትምህርት ከመምረጥ በፊት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ የሥነ ሕንፃ ትምህርት አመራረጥ ነው። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው የሚመጡ ታናናሾቻችን ዘወትር የሚጠይቁን አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም «የትኛው ኮሌጅ ይሻላል?» የሚል ነው። ጥያቄው ቅን ነው፤ ነገር ግን በዚህ መልኩ ከቀረበ መልሱ ዝና ብቻ ይሆናል። ዝና ደግሞ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ይፋፋል ወይም ይከሳል። እኔ በበኩሌ ጥያቄው በሁለት ተከፍሎ ቢቀርብ እመርጣለሁ። አንደኛ፣ ይህ ትምህርት ሲያልቅ ምን እንድሠራ መብት ይሰጠኛል? ሁለተኛ፣ እስኪያልቅ ድረስ በየቀኑ ምን ያሠራኛል?

ወደ ሁለቱ ጥያቄዎች ከመግባታችን በፊት ሙያውን ለይተን እንወቅ። በየቤታችን አርክቴክቱም ሲቪል መሐንዲሱም በአንድ ስም «መሐንዲስ» ይባላሉ። ሥራቸው ግን ይለያያል። ምሰሶው ምን ያህል እንደሚሸከም፣ መሠረቱ በአፈሩ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ በስሌት የሚያረጋግጠው ሲቪል መሐንዲሱ ነው። ሰው በየት እንደሚገባና በየት እንደሚወጣ፣ ብርሃንና ነፋስ በየት እንደሚያልፉ፣ ቤቱ ከመንገዱና ከጎረቤቱ ጋር እንዴት እንደሚስማማ አስቦ ንድፉን የሚያወጣው አርክቴክቱ ነው። ስለዚህ «ሥዕል እችላለሁ» ማለት ብቻውን ለዚህ ትምህርት አያበቃም፤ «ሒሳብ አልወድም» ማለትም ወደዚህ ለመሸሽ ምክንያት አይሆንም፤ የሕንፃ አቋምና የቁሳቁስ ጠባይ እዚህም ይጠናልና።

በሀገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ወደ ትምህርት ክፍል የሚመደበው በምርጫው፣ በውጤቱና ባለው ቦታ ብዛት ነው። ከዚህ የተነሣ አንዳንዱ ሥነ ሕንፃን በመጀመሪያ ረድፍ የሚጽፈው ሙያውን ወዶ ሳይሆን ውጤቱ ከፍ ያለ በመሆኑ «እንዳይባክን» ብሎ ነው። ውጤት የሚባክን ነገር አይደለም፤ የሚባክነው ዕድሜ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በችኮላ የተያዘ ትምህርት በሦስተኛው ዓመት ላይ ይላላል። ያን ጊዜ ለመመለስ መንገዱ ሩቅ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንምጣ። ዩኔስኮና የዓለም አቀፉ አርክቴክቶች ኅብረት በጋራ ያወጡት የትምህርት ቻርተር ለአርክቴክት ከአምስት ዓመት ያላነሰ የሙሉ ጊዜ ትምህርትና ቢያንስ የሁለት ዓመት ልምምድ ያስፈልጋል ይላል። እንግዲህ ዲግሪ ብቻውን አርክቴክት አያደርግም፤ ዲግሪ ሁሉም እኩል አይደለም።

ከእኛ መካከል ዘመድ አሜሪካ ያለው ብዙ ነው፤ ወደዚያ ሄዶ ለመማር የሚያስብም አለ። ስለዚህ የዚያን አገር ሥርዓት ለምሳሌ ላንሣ። በዚያ የሙያ ዲግሪን የሚመዝን እ.ኤ.አ. በ1940 የተቋቋመ ብሔራዊ ቦርድ አለ። «ባችለር ኦፍ አርክቴክቸር» የሚባለው በተለምዶ አምስት ዓመት የሚፈጀው ዲግሪ በዚህ ቦርድ ሊጸድቅ ይችላል። «ባችለር ኦፍ ሳይንስ» ተብሎ በሥነ ሕንፃ የሚሰጠው የአራት ዓመት ዲግሪ ግን የሙያ ዲግሪ አይደለም፤ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል ጨምሮ «ማስተር ኦፍ አርክቴክቸር» ማግኘት ይጠበቅበታል። ከዚህ በኋላ 3,740 ሰዓት የተመዘገበ ልምምድ አለ፤ ቀጥሎም የፈቃድ ፈተና አለ።

እስቲ አንድ ወጣት እናስብ። ዘመዶቹ አዋጥተው አራት ዓመት አስተማሩት። በምርቃቱ ቀን አጎቱ «አርክቴክታችን!» እያለ አቀፈው። በማግስቱ ግን ወጣቱ ለሙያ ፈቃድ ገና ሌላ ዲግሪና ሌላ ክፍያ እንደሚቀረው ተረዳ። ትምህርቱ መጥፎ ነበር ማለት አይደለም። የአራት ዓመቱ መንገድ ሌላ ሙያ መሞከር ለሚፈልግ ጊዜ ስለሚሰጥ መልካም ጎን አለው። ክፋቱ ሳያውቁ መግባት ነው። ይህን ለማጣራት የሚያስፈልገው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ «የምትሰጡት ዲግሪ የጸደቀ የሙያ ዲግሪ ነውን? እኔ ልሠራ በማስብበት አገርስ ይታወቃልን?» ብሎ መጠየቅ።

ሁለተኛው ጥያቄ የየቀኑ ሥራ ነው። የሥነ ሕንፃ ትምህርት እምብርቱ የንድፍ ክፍሉ፣ ማለት ስቱዲዮው ነው። ተማሪ እዚያ ይነድፋል፤ ከካርቶን አምሳያ ይሠራል፤ ሥራውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ በመምህራን ፊት ያስረዳል፤ ይተቻል፤ ተመልሶም ያርማል። ስለዚህ ኮሌጅ የሚመርጥ ሰው የበሩን ውበት ሳይሆን ይህን ክፍል ይይ። አንድ መምህር ስንት ተማሪ ይይዛል? ተማሪ የራሱ ጠረጴዛ አለውን? የእንጨትና የብረት መሥሪያው ክፍት ነው ወይስ ቁልፉ የጠፋ? ትችቱ ያስተምራል ወይስ ያሳፍራል? ይህን ሁሉ የሚነግረው ትናንት የገባ ተማሪ ሳይሆን ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ነው።

እጅ ከቁሳቁስ ጋር መገናኘቱም ትልቅ ነገር ነው። በአዲስ አበባ ልደታ የሚገኘው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ሲመሠረት ከማስተማሩ ጋር የግንባታ ቁሳቁስ ምርምርና ፍተሻ ሥራው ነበር። ኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ ከዙሪክ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በግቢው ውስጥ በአፈር ባለ ሁለት ፎቅ የሙከራ ቤት ተሠርቶበታል። በእግሩ የሚረግጠው አፈር ፎቅ ሊሸከም እንደሚችል በዓይኑ ያየ ተማሪ፣ ሲሚንቶ በተወደደ ቁጥር ግራ አይጋባም።

ከአህጉራችንም ምስክር አለ። ፍራንሲስ ኬሬ በቡርኪና ፋሶ ጋንዶ በምትባል መንደር ተወልዶ፣ አናጢነት ተምሮ፣ ኋላም በበርሊን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕንፃ አጠና። ገና ተማሪ ሳለ ገንዘብ አሰባስቦ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ነደፈ። ሕንፃውም ከመንደሩ ሰዎች ጋር በሸክላ ጡብ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2001 አለቀ። ጣራው ከግድግዳው ከፍ ብሎ ስለ ተሠራ ሞቃቱ አየር በመካከል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የሙያው ታላቅ ሽልማት የሆነውን ፕሪትዝከርን ከአፍሪካ የመጀመሪያ ሆኖ ተቀበለ። ከዚህ የምማረው «በርሊን ሂዱ» የሚል አይደለም። የተማረውን ሁሉ «ለመንደሬ ምን ይረባል?» እያለ መመዘኑን ነው። እንዲህ ብሎ ለመጠየቅ የሚፈቅድ ትምህርት ቤት ቅርብም ቢሆን ሩቅም ቢሆን መልካም ነው።

በመጨረሻ ስለ ወጪ አንድ ቃል። ወረቀት፣ ካርቶን፣ ማሳተሚያ፣ ኮምፒዩተር፣ የጉብኝት ጉዞ፤ እነዚህ በክፍያ ዝርዝር ላይ አይጻፉም። በአምሳያ መሥሪያ እጦት ሐሳቡ በራሱ ውስጥ የሚቀርበት ተማሪ በመካከላችን መኖሩን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከላይ የዘረዘርኳቸውን ጥያቄዎች በአንድ ገጽ አትመን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እናድል። ሁለተኛ፣ የተከበራችሁ መምህራን በዓመት አንድ ቀን ስቱዲዮውን ክፈቱላቸው፤ ንጹሑን ኤግዚቢሽን ብቻ ሳይሆን ተሰቅሎ የሚተቸውን ያላለቀ ሥራ ይዩ። ያን አይቶ «ይህን በየቀኑ ብሠራ ደስ ይለኛል» የሚለው ይምጣ፤ ያልወደደውም ዕድሜውን ሳይከፍል በጊዜ ይመለስ።