የአያት ጎራዴ ሻንጣ ውስጥ አይግባ

እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ቡናው ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው፤ እዚህ ካልጋሪ፣ ራንድል ሰፈር ካለነው ብዙዎቻችን የአገር ቤት ትኬት ቆርጠናል። የበርበሬውንና የቋንጣውን ጉዳይ ዛሬ አላነሣም። የሚያሳስበኝ የአያት ጎራዴ ነው።

የድሮ መኳንንት ጎራዴ እጀታው ብዙ ጊዜ ከአውራሪስ ቀንድ እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። እሱን ከአጎት ቤት ግድግዳ አውርዶ፣ በጋቢ ጠቅልሎ፣ ካልጋሪ አምጥቶ ሳሎን መስቀል የሚያምረን አለን። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከጥር 2024 ወዲህ የካናዳ ሕግ ጠብቋል። ያልተሠራ የአውራሪስ ቀንድና የዝሆን ጥርስ ለግል ማስገባት ክልክል ነው፤ የተሠራውም ፈቃድ ይፈልጋል። «ለራሴ ነው፣ አልሸጠውም» ብሎ ማለፍ የለም።

ወደኋላ የተቀመጣችሁ ፊታችሁን ስታጨማድዱ አያለሁ። «እንስሳው የሞተው በምኒልክ ዘመን ነው፤ አሁን ማንን ይጎዳል?» ልትሉኝ ነው። እሺ፣ ወረቀቴን ላስቀምጠው። አሮጌ ነው ተብሎ የሚሸጥላችሁ ቀንድ ትናንት ያልተቆረጠ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? የልደት ወረቀት የለው! የአሮጌው ገበያ ለአዲሱ መደበቂያ ነው።

እጀታ ምን እንደሚያደርስ ደግሞ የመንን እዩ። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ሀብታም የሆነው ሁሉ የጩቤው እጀታ የአውራሪስ ቀንድ ካልሆነ አለ፤ የምሥራቅ አፍሪካ አውራሪስ ለዚያ ታረደ። በ1970 ገደማ 65,000 ያህል የነበረው ጥቁር አውራሪስ በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ 2,400 ወረደ። ጎረቤታችን ኬንያ ጠብቃ እያራባችው ነው፤ የጥቁር አውራሪስ ጠቅላላ ቁጥር ዛሬ ከ6,000 በላይ ሆኗል። የእኛ ቆላ አውራሪስ ግን አልቋል። እኛ «አውራሪስ ገዳይ» እያልን ፎከርንለት፣ ጠባቂ ግን አላቆምንለትም።

አገራችንም ዝም አላለችም፤ መጋቢት 2007 ዓ.ም. ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ አቃጥላለች። ጎራዴውም ቅርስ ነውና ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ከቦሌ አይወጣም።

ስለዚህ ጎራዴው አጎት ቤት ይቆይ፤ ፎቶውን አንሥታችሁ ኑ። ከሱቅ ደግሞ ቀንድም ሆነ የዝሆን ጥርስ መስቀል አትግዙ። ቀድሞ ቤታችሁ የገባ ካለም ከመሸጣችሁ ወይም ድንበር ከማሻገራችሁ በፊት የካናዳን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጠይቁ።