ስለ ምጽዋ ከተማና ስለ ጳጳሶቻችን መንገድ

በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ቀን ለካህናትና ለምእመናን የተደረገ ንግግር



በዚህ በዓል እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ ስለ ደብሩ መሥራቾች፤ ስለ ሕንጻውና ስለ ንዋያተ ቅድሳቱ ከእኔ ይልቅ የሚያውቁ ሽማግሎች በመካከላችን እንዳሉ አሰብሁ። ስለዚህ የእነርሱን ነገር ለእነርሱ ትቼ፤ ከኮልፌ ቀራንዮ እጅግ ርቃ በባሕር ዳር ስለምትገኝ ስለ አንዲት አሮጌ ከተማ ልናገር ወደድሁ።

ምክንያቱንም አስቀድሜ ልግለጽ። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ክህነት አለ፤ ቍርባንም አለ። ክህነት ያለ ጳጳስ እጅ አይሰጥም። የቤተ ክርስቲያናችን ዋና ጳጳስ ደግሞ ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ከእስክንድርያ መንበር እየተሾመ፤ ከግብፅ የሚመጣ አባት ነበረ። እንግዲህ እነዚያ አባቶች በማን ጀልባ ተሻገሩ? በማን ከተማ ዐደሩ? በዚያ በረሓ ውሃ ያጠጣቸው ማን ነው? አንዳንዶቹ በሱዳን በኩል ቢመጡም፤ ይህን የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከአንዲት ደሴት ይደርሳል፤ እርስዋም ምጽዋ ናት። ምጽዋም የእስላሞች ከተማ ነበረች።

ከምጽዋ አስቀድሞ የዚያ ባሕር በር አዱሊስ ነበረች። ፍርስራሿ ከምጽዋ በስተ ደቡብ በዙላ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ ይታያል። በመጀመሪያው መቶ ዘመን የነበረ አንድ የግሪክ ቋንቋ ጸሐፊ ስለ ኤርትራ ባሕር ንግድ በተወው መጽሐፍ፤ ከአዱሊስ የዝሆን ጥርስ፤ የኤሊ ቅርፊትና የአውራሪስ ቀንድ እንደሚወጣ፤ ወደ እርስዋም ልብስ፤ ብርጭቆ፤ ብረት፤ የወይን ጠጅና የወይራ ዘይት እንደሚገባ፤ ከእርስዋ እስከ አክሱም ያለው መንገድም የ8 ቀን ጉዞ እንደ ሆነ ይነግረናል። ቅዱስ ካሌብ በ517 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐመር ምድር ሲዘምት መርከቦቹ የተሰበሰቡት በዚያው በአዱሊስ ወደብ ነበረ። በዚያን ዘመን ግድም የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ ወደ አዱሊስ መጥቶ ነበር። ንጉሡም በከተማዪቱ የነበረው የድንጋይ ጽሕፈት ተገልብጦ እንዲላክለት ሹሙን ስላዘዘ፤ ሹሙ ሥራውን ለኮስማስ ሰጠው። ድንጋዮቹ ዛሬ ጠፍተዋል፤ ቃላቸው የተረፈልን በዚያ እንግዳ ነጋዴ እጅ ነው። በኋላ ዘመን ምድሩን የቈፈሩ ሊቃውንትም በአዱሊስ የአብያተ ክርስቲያናት መሠረት፤ በቁስጥንጥንያ አጠገብ ካለ ደሴት በመርከብ የመጣ እብነ በረድም አገኙ።

አዱሊስ ከ7ኛው መቶ ዘመን ወዲህ እየደከመች ሄዳ ባድማ ሆነች። የባሕሩ ንግድ ግን ሌላ በር ፈለገ፤ ቀስ በቀስም ወደ ዳህላክ ደሴቶችና ወደ ምጽዋ ተሻገረ። ግዕዝ የሚያውቁ ሰዎች የምጽዋን ስም «ጸውዐ» ከሚለው ግሥ ጋራ ያያይዙታል፤ ጠራ ማለት ነውና። ከደሴቱ የሚጣራ ሰው ከወዲያኛው ዳር ይሰማል የሚል ወግም አለ።

ደሴቱ ትንሽ ነው፤ ሙቀቱ እጅግ የከበደ ነው፤ የሚበቃ ምንጭም የለውም። ስለዚህ የምጽዋ ሰው የሚጠጣውን ውሃ ከየብስ፤ ከእምኩሉና ከሕርጊጎ በኩል፤ በየቀኑ ያስመጣ ነበር። የምጽዋን ደሴት ከጣውለድ ደሴት፤ ጣውለድንም ከየብስ ጋራ የሚያያይዘው የድንጋይ መንገድ የተሠራው ገና በ19ኛው መቶ ዘመን፤ ግብፆች ከተማዪቱን በያዙበት ጊዜ ነው። ቤቶቹ መርጃን ከሚባለው የባሕር ድንጋይ የታነጹ ናቸው፤ ነፋስ እንዲገባ፤ ፀሓይ ግን እንዳይገባ፤ በጥልፍ አምሳል የተፈለፈሉ የእንጨት መስኮቶች ወደ ጐዳናው ወጥተው ይታያሉ። በከተማው ትግረና ሳሆ፤ ዓፋርና የየመን ዓረብ፤ የህንድ ባንያን፤ ግሪክና አርመን ይገበያዩ ነበር። ወርቅ፤ የዝሆን ጥርስ፤ ዝባድ፤ ሰምና ቡና ከደጋ ይወርዳል፤ የህንድ ጨርቅ፤ ሐርና ቅመም ይወጣል፤ ከዳህላክ ባሕርም ሉል ይለቀማል።

ዳሩ ግን እውነቱን ለመናገር፤ ከደጋ የወረደው ዕቃ ብቻ አልነበረም። ሰውም በዚያ በር ተሸጧል። ሻጮቹም ገዢዎቹም የአንድ ሃይማኖት ሰዎች ብቻ አልነበሩም፤ ከእኛም ከእነርሱም ወገን ነበሩ። ይህን ኃጢአት ሳንናገር ንግዱን ብቻ ብናመሰግን ታሪክን መበደል ይሆንብናል።

እስላሞች የነቢያቸው ተከታዮች በ7ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከመካ ተሰደው ወደ ክርስቲያኑ ንጉሥ ሲመጡ ከዚያ እንደ ወረዱ ይተርካሉ፤ በምጽዋም በእነርሱ ስም የሚጠራ ትንሽ መስጊድ አለ። እንግዲህ በዚያ ዳርቻ መጀመሪያ በርን የከፈተ ክርስቲያን፤ እንግዳም ሆኖ የገባ እስላም ነበረ። በኋላ ግን ነገሩ ተገላበጠና እኛ እንግዶች ሆንን።

እንግድነትን የማያውቅ እንግዳም ነበረ። በ1512 ዓ.ም. ፖርቱጋሎች ከቄሱ ከአልቫሬዝ ጋራ ወደ ምጽዋ በደረሱ ጊዜ፤ የከተማው ሕዝብ ፈርቶ ወደ ሕርጊጎ ሸሸ፤ እነርሱም በመስጊዱ ገብተው ቅዳሴ ቀደሱበት። በ1533 ዓ.ም. የክርስቶፎሮስ ዳ ጋማ 400 ወታደሮች በዚያው ወደብ ወርደው ለክርስቲያኑ መንግሥት ደማቸውን አፈሰሱ፤ ይህን ውለታ እናስታውሳለን። መስጊዱን ግን ባለቤቶቹ ሳይፈቅዱ ቤተ ክርስቲያን ማድረግ ለማንም እንግዳ አይገባም ነበር።

በ1549 ዓ.ም. ኦዝደሚር ፓሻ ምጽዋንና ሕርጊጎን ለቱርክ መንግሥት ያዘ። ከጥቂት ዘመን በኋላም ሥልጣኑ ናይብ ለሚባሉት ለሕርጊጎ ሹማምንት ተላለፈ። ከዚያ ወዲህ ጳጳስ ቢመጣ፤ መነኵሴ ወደ ኢየሩሳሌም ቢሄድ፤ ነጋዴ ቢወርድ፤ ናይብን ሳያይ አያልፍም። አንዳንዱ ናይብ ገንዘብ የሚወድ ነበር፤ በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን የመጣውን ጳጳስ እንኳ ይዞ ዋጋ ጠይቆበታል። ነገር ግን በሩ ሁለት መዝጊያ ነበረው። በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ናይብ የንጉሡን ዕቃ በያዘ ጊዜ፤ ታላቁ ኢያሱ እህል ወደ ቈላ እንዳይወርድ አዘዘ፤ ናይብም ታረቀ። ባሕሩ ያለ ደጋው እህል፤ ደጋውም ያለ ባሕሩ በር መኖር አይችሉምና፤ ከጥል ይልቅ የዕለት እንጀራ ያስታርቃቸው ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን መንገዱ አልተቋረጠም። ጳጳሱን ከመርከብ ያወረደው እስላም ጀልበኛ ነው፤ ግመሉን የሳበለት የሰምሃር እስላም ነው፤ ቀጥሎም ከቈላው በላይ በተራራ ጫፍ ላይ ያለው የአቡነ ፊልጶስ ገዳም ደብረ ቢዘን ይቀበለዋል። አባ ሰላማ በ1834 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ሲመጡ በዚሁ መንገድ ወጡ። በ1876 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋራ በዐድዋ በተዋዋሉት ውል ውስጥም፤ በምጽዋ በኩል ንግድ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ የሚል አንቀጽ አለ፤ የግብፅ መንግሥት ስለ ጳጳሳት መሾም እንዲረዳ የሚል አንቀጽም በዚያው ውል ይገኛል። በንጉሡ አሳብ የወደቡና የጵጵስናው ነገር በአንድ ወረቀት የሚጻፍ ጕዳይ ነበረ።

በዓመቱ፤ በ1877 ዓ.ም.፤ ኢጣልያኖች ምጽዋን ያዙ። ምድር ባቡሩም በ1904 ዓ.ም. አሥመራ ደረሰ። በ1913 ዓ.ም. ታላቅ የምድር መንቀጥቀጥ ብዙ ቤት አፈረሰ። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ከ1909 ዓ.ም. ወዲህ በጅቡቲ ባቡር መምጣት ስለ ጀመረ፤ አሮጌው መንገድ ከአሳባችን ራቀ። ከ1945 ዓ.ም. ወዲህ ምጽዋ ከኤርትራ ጋራ ከኢትዮጵያ ተዋሐደች፤ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ግን ጦርነቱና የአየር ድብደባው ያን የመርጃን ሕንጻ ሰባበረው፤ በጣውለድ ያለው ቤተ መንግሥትም ጕልላቱ ፈረሰ። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ምጽዋ የኤርትራ መንግሥት ከተማ ናት። ከዚያም በኋላ ወንድም ከወንድሙ ተዋግቶ የብዙ እናት ልጅ ቀረ።

ወዳጆቼ ሆይ፤ ዛሬ የምጽዋ ስም ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ወደብ ነው። እኔ ይህን ያነሣሁት የማንንም ርስት ለመጠየቅ አይደለም፤ ዕዳችንን ለመቍጠር ነው። በዚህ ደብር የሚቀደሰው ቅዳሴ፤ በሚቀድሱት ካህናት ላይ የተጫነው እጅ፤ ስሙን በማናውቀው በአንድ እስላም ጀልበኛ ታንኳ ተሻግሮ የመጣ ነው። ይህን ያህል ጸጋ በሌላ ሃይማኖት ሰው ትከሻ ላይ ያሳለፈልን እግዚአብሔር ነው።

በእኛ ሰፈር በኮልፌ የደወሉ ድምፅና የአዛኑ ድምፅ በአንድ ንጋት ይሰማሉ። የአንዳችን ቤት ኀዘን ሲገባ የሌላው ሰው ድንኳን ሊተክል ይመጣል፤ በኮልፌ የእስላሞች መካነ መቃብር እኛም ቆመን ጎረቤታችንን ሸኝተናል። ይህ ልማድ ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ የምጽዋን መንገድ ያስብ። በሩን የሚያከብር ሰው በረኛውንም ያክብር። በክፉ ቀን በሰፈራችን ጥል ለመዝራት የሚመጣ ሰው ቢኖርም፤ ካህናቱ አስቀድመው፤ ምእመናኑም ተከትለው፤ «እኛ የዚያ ጀልበኛ ባለ ዕዳዎች ነን» ብለው ይመልሱለት።

እግዚአብሔር ከተማችንን ይጠብቅልን፤ የፈረሰችውን የባሕር ዳር ከተማም ያድስልን፤ በሁለቱ አገሮች መካከል ሰላምን ያጽና። ለዚህ በዓል ያደረሰን አምላክ ለሚቀጥለውም ያድርሰን። አሜን።