ከግብ በር እስከ መምህርነት፤ የሊንከን ፊሊፕስ የሙያ ሕይወት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ መድረክ ላይ ስለ ድልድይ መሠረት፣ ስለ ግድብ ወይም ስለ ኤሌክትሪክ መስመር መስማት የለመደ አድማጭ፣ ስለ አንድ የእግር ኳስ አሠልጣኝ ለመናገር መነሣቴን ሲሰማ ጥቂት መገረሙ አይቀርም። ሆኖም «የሙያ ሕይወት» በሚል አርእስት እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ፣ ምሳሌዬን ከራሳችን መስክ ውጭ መፈለግን መረጥሁ። የራስን ሙያ አጥርቶ ለማየት አንዳንድ ጊዜ የሌላውን ሙያ በጥሞና መመልከት ይበጃልና።

የማነሣላችሁ ሰው ሊንከን ፊሊፕስ ይባላሉ። በደመወዝ የሚጫወቱ ግብ ጠባቂ የነበሩ፣ ኋላም በዋሽንግተን ከተማ በሚገኘው በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለ10 ዓመታት ያህል የእግር ኳስ አሠልጣኝ ሆነው ያገለገሉ ሰው ናቸው። ለማሳየት የምሞክረውም ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም የአንድ ባለሙያ ሥራ በሌሎች ውሳኔ በሚሻርበት ጊዜ፣ የሰውዬው እውነተኛ ልክ የሚታወቀው በምሬቱ ሳይሆን ቀጥሎ በሚሠራው ሥራ መሆኑን ነው።

ሊንከን ፊሊፕስ በ1941 ዓ.ም. በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በትሪኒዳድ ደሴት ተወለዱ። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውስ። በጨዋታ ዘመናቸው «ነብር» በሚል ቅጽል ስም ይታወቁ ነበር። በ1967 በካናዳ በዊኒፔግ ከተማ በተደረገው የመላው አሜሪካ አገሮች የስፖርት ውድድር የትሪኒዳድና ቶቤጎ ቡድን የነሐስ ሜዳልያ ሲያገኝ የቡድኑ ግብ ጠባቂ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ አሜሪካ ተሻግረው ባልቲሞር ቤይስ ለተባለው ቡድን መጫወት ጀመሩ።

ያ ዘመን በአሜሪካ በእግር ኳስ ለሚተዳደር ሰው አስተማማኝ አልነበረም። በ1968 ዓ.ም. በ17 ቡድኖች የተጀመረው የሰሜን አሜሪካ የእግር ኳስ ሊግ፣ በዓመቱ የቀሩት 5 ቡድኖች ብቻ ነበሩ። ፊሊፕስ ወደ ዋሽንግተን ዳርትስ ተዛወሩ፤ ዳርትስ በ1970 ወደዚሁ ሊግ ሲገባም የቡድኑ ግብ ጠባቂም አሠልጣኝም እርሳቸው ነበሩ። በዚያው ዓመት ቡድኑ ለፍጻሜ ደርሶ ከሮቼስተር ላንሰርስ ጋር ሁለት ጊዜ ተጋጠመ። የመጀመሪያውን 3 ለ 0 ተሸነፈ፤ ሁለተኛውን 3 ለ 1 አሸነፈ፤ በድምሩ ግን 4 ለ 3 ተረታ። አሠልጣኙ በዚያው በ1970 ዓ.ም. የሐዋርድን የተማሪዎች ቡድን ተረከቡ።

እዚህ ላይ ስለ ግብ ጠባቂ ሥራ ጥቂት ማብራራት ይገባኛል። ሥራው ከእኛ ሙያ ጋር የሚገናኝበት በር ይህ ነውና።

የግብ በር በቋሚዎቹ መካከል 7.32 ሜትር ይሰፋል፤ ከመሬት እስከ አግዳሚው 2.44 ሜትር ከፍታ አለው። ስፋቱ ሲሰላ ወደ 18 ካሬ ሜትር ይጠጋል። ይህን ሁሉ በሁለት እጁ እንዲጠብቅ የሚታዘዘው አንድ ሰው ነው። አንድ አጥቂ ከግቡ ፊት ለፊት በ18 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ኳሷን በሰከንድ 25 ሜትር ፍጥነት መታ እንበል። ግብ ጠባቂው መስመሩ ላይ ከቆመ፣ ኳሷ እርሱ ዘንድ እስክትደርስ ወደ 0.72 ሰከንድ ያገኛል፤ ነገር ግን ሊጠብቀው የሚገባው ወርድ 7.32 ሜትር በሙሉ ነው። 6 ሜትር ወደ ፊት ቢወጣ፣ በተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ሕግ መሠረት የሚጠብቀው ወርድ ወደ 4.88 ሜትር ይጠባል፤ የሚያገኘው ጊዜ ደግሞ ወደ 0.48 ሰከንድ ይወርዳል። ከዚያም በላይ ኳሷ በራሱ ላይ አልፋ ከኋላው የምትወርድበትን መንገድ ይከፍታል።

እንግዲህ የትኛው ቦታ ትክክል ነው? መልሱ እንደ አጥቂው ሁኔታ፣ እንደ ሜዳው፣ እንደ ተከላካዮቹ አቋም የሚለወጥ ነው። አንዱን ለማትረፍ ሌላውን መክፈል ግድ ይሆናል። በምሰሶ ውፍረትና በወጪ፣ በፍጥነትና በደኅንነት መካከል ስንመርጥ የምንውል ሰዎች ይህን ችግር እናውቀዋለን። የጥሩ ግብ ጠባቂ ሥራ በአየር ላይ ተወርውሮ ኳስ መያዝ ብቻ አይደለም። አብዛኛው ሥራው ኳሷ ከመመታቷ በፊት የሚያልቅ፣ ማለትም ትክክለኛውን ቦታ መያዝና ተከላካዮቹን ማዘዝ ነው። ተመልካች የሚያጨበጭበው ለዝላዩ ነው፤ ዝላይ ሳያስፈልግ ለተጠበቀው ግብ ግን የሚያጨበጭብ የለም። ያልፈረሰ ድልድይን ማን አመስግኖት ያውቃል?

ግብ ጠባቂ ሌላም ጥቅም አለው። በሜዳው ላይ ካሉት ሁሉ የቀሩትን 21 ተጫዋቾች ከሞላ ጎደል ዘወትር ፊት ለፊቱ የሚያይ እርሱ ነው። አሳላፊው ጀርባውን ለማን እንደሰጠ፣ የትኛው ተከላካይ እንደደከመ፣ ክፍተቱ ከየት እንደሚመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ለእርሱ ነው። ስለዚህ ከግብ በር የተነሣ ሰው አሠልጣኝ ቢሆን የሚያስደንቅ አይሆንም።

ፊሊፕስ የሄዱበት ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ በ1867 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ ጥቁር አሜሪካውያን በሌላው በር ሁሉ ሲዘጋባቸው ዕውቀት የቀሰሙበት ታላቅ ተቋም ነው። ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የነበረው የእግር ኳስ ቡድን ከትሪኒዳድ፣ ከጃማይካ፣ ከቤርሙዳ፣ ከናይጄሪያና ከጊኒ በመጡ ተማሪዎች የተገነባ ነበር። በተለያየ አገር፣ በተለያየ ስልት ኳስ የለመዱ ወጣቶችን እንደ አንድ አካል ማንቀሳቀስ ቀላል አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ድሩን የሚያስተባብረው ግን ፈታይ ነው።

ውጤቱ ፈጥኖ ታየ። በ1971 ዓ.ም. የሐዋርድ ቡድን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ለአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮና ፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው ያለፉትን ሁለት ዓመታት ዋንጫ በተከታታይ የወሰደው ሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በማያሚ ከተማ በኦሬንጅ ቦውል ስታዲየም ሐዋርድ 3 ለ 2 አሸነፈ። ለጥቁሮች ትምህርት ከተቋቋሙት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል በዚህ ደረጃ የብሔራዊ ማኅበሩን ዋንጫ ያነሣ ከዚያ በፊት አልነበረም።

ዋንጫው ግን አልሰነበተም። የኮሌጆች ስፖርት ብሔራዊ ማኅበር በተጫዋቾቹ ላይ ምርመራ ከፍቶ፣ አንዳንዶቹ ለመጫወት የሚያበቃውን መስፈርት አላሟሉም በማለት በ1973 ዓ.ም. መጀመሪያ የ1971ን ሻምፒዮናነት ሠረዘ፤ ቡድኑንም ከዚያ ዓመት የፍጻሜ ውድድር አገደ። ከተጠቀሱት ደንቦች አንዱ የመግቢያ ፈተናን፣ ሌላው የተማሪነት ዘመንን የሚመለከት ነበር። ሦስተኛው ደግሞ የውጭ አገር ተማሪ ከ19 ዓመት ዕድሜው በኋላ በአገሩ በማናቸውም የተደራጀ ውድድር የተሰለፈበትን እያንዳንዱን ዓመት፣ በኮሌጅ እንደተጫወተ አድርጎ የሚቆጥር ነበር። አሜሪካዊው ተማሪ በትውልድ ከተማው በክለብ ቢጫወት እንዲህ አይቆጠርበትም።

ዩኒቨርሲቲው ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው። በዋሽንግተን የፌዴራል ፍርድ ቤት በ1973፣ የይግባኝ ሰሚውም ፍርድ ቤት በ1975 ዓ.ም. ነገሩን መርምረው፣ የውጭ ተማሪዎችን የሚመለከተው ደንብ ሕገ መንግሥቱ ከሚያዝዘው የእኩልነት ጥበቃ ጋር የሚቃረን ነው ሲሉ ፈረዱ። የቀሩትን ደንቦች ግን አጸኗቸው። ስለዚህ ክርክሩ ከፊሉን ረታ፣ ከፊሉን ተረታ፤ ዋንጫውም ሳይመለስ ቀረ።

በዚህ ነጥብ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ፣ ፍርዱን ከሥሩ ስንመለከተው ሁለት እውነቶች ጎን ለጎን ይገኙበታል። አንደኛው፣ በደንቡ ውስጥ በእርግጥ አድልዎ መኖሩ ነው። ሁለተኛው፣ ሁሉም ጥያቄ አድልዎ አለመሆኑ ነው። የተበደለ ሰው የመጀመሪያውን እውነት ብቻ ይዞ መኖር ይቀናዋል። በራሴ የሥራ ዘመን የኮንክሪቱ ጥንካሬ በቂ ሆኖ ሳለ፣ የናሙናው መዝገብ ስላልተሟላ ብቻ አንድ ሥራ ርክክቡ ወራት ሲጓተት አይቻለሁ። የሥራ ተቋራጩ ሠራተኞች ተበደልን ይሉ ነበር፤ በከፊል እውነታቸውን ነበር። ሆኖም የሚቀጥለውን ምሰሶ ያቆመላቸው ምሬታቸው አልነበረም፤ መዝገባቸውን አሟልተው እንደገና መጀመራቸው ነው።

የፊሊፕስም ቡድን ያደረገው ይህንኑ ነው። እገዳው ሲያበቃ በ1974 ዓ.ም. እንደገና ተሰልፎ ያደረጋቸውን 19 ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። የመጨረሻው ጨዋታ የተደረገው በሴንት ሉዊስ ከተማ በቡሽ ስታዲየም፣ በራሱ በሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ ደጅ ነበር። ያ ዩኒቨርሲቲ እስከዚያን ቀን ድረስ ዋንጫውን 10 ጊዜ አንሥቷል፤ የ1972ና የ1973ም ሻምፒዮን እርሱ ነው። መደበኛው ሰዓት 1 ለ 1 አለቀ። ተጨማሪ ሰዓት ተሰጠ፤ አልበቃም። ሁለተኛ ተጨመረ፤ ሦስተኛ ተጨመረ። በአራተኛው ተጨማሪ ሰዓት ናይጄሪያዊው ኬኔዝ ኢሎዲግዌ አስቆጠረና ሐዋርድ 2 ለ 1 አሸነፈ። ይህን ዋንጫ የሠረዘ ማንም የለም። ለጥቁሮች ትምህርት ከተቋቋሙት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ሳይሠረዝ በመዝገብ የጸናው የመጀመሪያው የብሔራዊ ማኅበሩ አንደኛ ዲቪዚዮን ሻምፒዮናነትም ይኸው የ1974ቱ ነው።

አሠልጣኙ በ1980 ዓ.ም. ከሐዋርድ ከተሰናበቱ በኋላም ከማሠልጠን አልራቁም። በሜሪላንድ በኮሎምቢያ ከተማ የወጣቶችን እግር ኳስ መርተዋል፤ ግብ ጠባቂዎችን አስተምረዋል፤ በትውልድ አገራቸው ፌዴሬሽንም በቴክኒክ ዳይሬክተርነት አገልግለዋል። የሕይወት ታሪካቸውንም ጽፈው በ2014 አሳትመዋል።

በመጨረሻ ለእኛ ለመሐንዲሶች ልዩ ደስታ የሚሰጥ አንድ ነገር ልጨምር። ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ የትሪኒዳድ ዝርያ ያለው ወጣት ወደ ሐዋርድ ገብቶ የሜካኒካል ምሕንድስና ተማረና ተመረቀ፤ ጎን ለጎንም የዩኒቨርሲቲውን ግብ ይጠብቅ ነበር። ይህ ሰው ሻካ ሂስሎፕ ነው። በ2006 የዓለም ዋንጫ ትሪኒዳድና ቶቤጎ በዶርትሙንድ ከተማ ከስዊድን ጋር ሲገጥም፣ እንዲሰለፍ የተመረጠው ሌላው ግብ ጠባቂ በማሟሟቂያ ላይ ተጎዳ። ሂስሎፕ በመጨረሻው ሰዓት ተጠርቶ ገባ፤ ጨዋታውም 0 ለ 0 አለቀ። ፊሊፕስ ተጫዋቾችን ያሰባሰቡበት ሜዳ እርሳቸው ከሄዱ በኋላም ግብ ጠባቂ ማፍራቱን አላቆመም።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣

ከዚህ የሙያ ሕይወት ለማኅበራችን አባላት የሚተርፉ ሁለት ነገሮች ይታዩኛል። አንደኛ፣ ሥራን በትክክል መሥራት ብቻውን አይበቃም፤ ትክክለኛነቱን የሚመሰክረው መዝገብም የሥራው አካል ነው። ይህ በተለይ ደንቡ ለሁሉም እኩል በማይሠራበት ቦታ የሚጸና ነው፤ አድልዎ የሚፈልገው የመጀመሪያ ነገር ያልተሟላ ወረቀት ነውና። አድሏዊውን ደንብ በሕግ መሞገትና የራስን መዝገብ ማሟላት ጎን ለጎን የሚሄዱ እንጂ አንዱ ሌላውን የሚተካ አይደሉም። ሁለተኛ፣ በእጁ ይሠራ የነበረ ባለሙያ ወደ መሪነት ሲሸጋገር፣ በእጁ የያዘውን ዕውቀት ለሌሎች ዐይን ካላካፈለ ከእርሱ ጋር ያረጃል። የዲዛይን ስሌት የሚያቀላጥፍ ሁሉ ወጣት መሐንዲስን ማሠልጠን አይችልም፤ ያም ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ግብ የገባበት ግብ ጠባቂ ኳሷን ከመረቡ አውጥቶ ወደ መሐል ሜዳ ይልካታል። ዳኛው ተሳስቶም ይሁን ሳይሳሳት፣ ቀጣዩን ኳስ የሚጠብቀው ያው እርሱ ነው። በ1973 ዋንጫቸውን የተነጠቁት ሰውም በ1974 ዓ.ም. ወደ ሜዳ የተመለሱት በዚሁ የሙያቸው ልማድ ይመስለኛል።